ስድስት የተሰረጎዱ ካዝናዎች

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ከዳላስ ወጣ ብሎ ከሚካሄድ የጠመንጃ ገበያ አንድ ፌስታል ይዤ ተመለስኩ። ውስጡ ስድስት የካርባይን ካዝና አለ። ሁሉም ብረት፣ ሁሉም ባለ 15 ጥይት፣ ሁሉም የተሰረጎዱ። ሻጩ ሽማግሌ ነው። "ለጌጥ ካልሆነ ለምንም አይሆኑህም" ብሎ በ40 ዶላር ለቀቃቸው። ባለቤቴ ፌስታሉን ከፍታ አየችና "እዚህ አገር ደግሞ ቆርቆሮ ይገዛል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ካዝና ስል የባንኩን አይደለም። ጠመንጃው ሆድ ላይ የሚሰካውን፣ ጥይት የሚደረደርበትን ሳጥን ነው። ካርባይን የምለው ደግሞ ኤም-ዋን ካርባይንን ነው። አሜሪካኖች በፈረንጆች 1941 ተቀብለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ6 ሚሊዮን በላይ አመረቱት። ከአምራቾቹ መሃል ጠመንጃ ሠርተው የማያውቁ ብዙ ነበሩ። አይቢኤም ሠርቶታል። የጽሕፈት መኪና የሚሠራው አንደርዉድ ሠርቶታል። ሳንቲም ሲከተትበት ሙዚቃ የሚያጫውት ሣጥን የሚሠራው ሮክ-ኦላም ሠርቶታል። የእኔው አንደርዉድ ነው። አያቴ ቢሰሙ "የጸሐፊ ጠመንጃ!" ብለው ይስቁ ነበር።

አያቴ የቃኘው ሰው ናቸው፤ ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው ጦር ማለቴ ነው። በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ወርደዋል። ቤታችን ሳሎን ውስጥ የተሰቀለ አንድ ፎቶ ነበራቸው፤ ጀርባው ላይ "ኮሪያ 1944" ይላል። ትከሻቸው ላይ ካርባይን ተንጠልጥሏል። ሰደፉ ላይ ሁለት ካዝና የሚይዝ የሸራ ኪስ ታስሯል። ልጅ ሆኜ ቦርሳ ይመስለኝ ነበር። ካርባይን የገዛሁት በዚያ ፎቶ ምክንያት ነው። ሌላ ሰበብ ብደረድር ውሸት ይሆናል።

ማታውን የወረቀት ፕላስተር ቆርጬ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ለጠፍኩባቸው። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ጠመንጃ ሲነክስ፣ ማለትም ጥይት መሃል ላይ ሲቀረቀርበት፣ ጥፋቱ የጠመንጃው ይሁን የካዝናው የሚለየው ካዝናዎቹ ቁጥር ካላቸው ብቻ ነው። አለዚያ ደህናውን ጠመንጃ ትፈታታለህ።

እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ፈታኋቸው። ካዝና ውስጡ ውስብስብ አይደለም። ከላሜራ የታጠፈ ሳጥን ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል። ከታች ተንሸራቶ የሚወጣ ክዳን አለው። ውስጡ ረጅም ሞላ ይቀመጣል። ሞላው አናት ላይ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋ ቁራጭ ብረት አለ፤ እኔ "ገፊው" እለዋለሁ። ከላይ ደግሞ ጥይቱ ዘሎ እንዳይወጣ የሚይዙ፣ ወደ ውስጥ የታጠፉ ሁለት ከንፈሮች አሉ። አለቀ። አራት ቁራጭ።

የመጀመሪያውን ክዳን ሳንሸራትት ሞላው ተፈናጥሮ የጋራዡን ጣሪያ መታና ከማቀዝቀዣው ጀርባ ገባ። መነጽር አድርጌ ነበር። እናንተም አድርጉ። ከሁለተኛው ጀምሮ ክዳኑን በአውራ ጣቴ ደግፌ በቀስታ ለቀቅኩ። ሞላው ሲወጣ እንዴት እንደተቀመጠ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ማለትም የአምስቱን። የአንዱን ረሳሁት፤ ለዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

ሁሉንም በነጭ ጋዝና በድሮ የጥርስ ብሩሽ አጠብኩ። ከቁጥር 2 ውስጥ የወጣው ጭቃ የየትኛው አገር እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ምርመራው መጣ። ሞላውን ትቼ ገፊውን ብቻ ባዶው ሳጥን ውስጥ እከታለሁ። ካዝናውን እገለብጣለሁ። ገፊው በራሱ ክብደት ከጫፍ ጫፍ ከሄደ ሳጥኑ ደህና ነው። ከቆመ፣ የቆመበት ቦታ በሽታው ነው። ከጠመንጃው ጋር አብሮ የመጣ አንድ ደህና ካዝና አለኝ፤ እዚያ ውስጥ ገፊው እንደ ውሃ ይወርዳል።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ቁጥር 1 እና 3 ጎናቸው ላይ አንዳንድ ስርጉድ አላቸው፤ ገፊው መሃል ላይ ይቆማል። ቁጥር 2 ሲታይ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከውጪ ፊቱ ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል፤ ገፊው ግን ሳይነካ ያልፋል! ቁጥር 4 የፊት ማዕዘኑ ተጨፍልቋል። ቁጥር 5 ጎኑም ተሰርጉዷል፣ አንዱ ከንፈሩም ተከፍቷል። ቁጥር 6 ትንሽ ስርጉድና ብዙ ዝገት አለው።

ቁጥር 2 ደጋግሞ አስገረመኝ። መልኩን አይቼ ልጥለው የነበረው እሱን ነው።

ስርጉድ ለምን እንደሚያስቸግር ልንገራችሁ። ጥይቶቹ ካዝናው ውስጥ የሚደረደሩት በሁለት ረድፍ ነው፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ እያለ። የካርባይን ጥይት ቂጡ ላይ ወደ 9 ሚሊሜትር ይሰፋል። ሳጥኑ ለእነዚህ ሁለት ረድፎች ልክክ ተደርጎ ነው የተሠራው። ግድግዳው ትንሽ ወደ ውስጥ ሲገባ ጥይቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሞላው ይገፋል፣ እነሱ ይዘገያሉ። የጠመንጃው መዝጊያ ብረት ግን አይጠብቅም። ወይ በባዶ ይዘጋል፣ ወይ ጥይቱን በግማሽ ይነክሰዋል።

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ያበላሸሁበት ቀን ነው።

ከሥራ መጥቼ፣ ራት ሳልበላ፣ "አንዷን ልሞክር" አልኩ። ከመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ የሚገጥም ክብ ብረት መረጥኩ። ቁጥር 1 ውስጥ ከታች ከተትኩና ስርጉዱ ላይ አድርጌ ከሌላው ጫፍ በመዶሻ ነዳሁት። ስርጉዱ ወጣ። ደስ አለኝ። ከዚያ ብርሃን ላይ ሳየው ስርጉዱ በነበረበት ቦታ ወደ ውጪ ያበጠ መስመር ተሠርቷል። ያንን ለመመለስ ከውጪ መታሁት። ሌላ ቦታ ገባ። እሱን ላወጣ ብል ግድግዳው መላላት ጀመረ፤ በጣቴ ስጫነው "ጧ" ብሎ ይገባል፣ ስለቀው "ጧ" ብሎ ይወጣል። እንደ ሳርዲን ቆርቆሮ። ከድጡ ወደ ማጡ።

ቆሽቴ እያረረ ገብቼ ራቴን በላሁ።

ረቡዕ

አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ጋሼ ከ30 ዓመት በላይ ባትላሜራ ነበሩ። የመኪና ገላ ነው ያቃኑት፤ ካዝና ነክተው አያውቁም። ላሜራ ግን ላሜራ ነው። ቪዲዮውን ከፍቼ ቁጥር 1ን አሳየኋቸው።

ዝም ብለው አዩት። ከዚያ "በምን መታኸው?" አሉኝ።

"በመዶሻ።"

"መዶሻውንማ አየሁት። ከሥር ምን አደረግክ ነው የምልህ።"

"ብረት።"

"በብረትና በብረት መሃል ላሜራ ስታስገባ ምን ይሆናል? እንደ ሊጥ ይዳመጣል። ይረዝማል። የረዘመው የት ይግባ? ለዚያ ነው 'ጧ' የሚልብህ። እንጨት የለም እዚያ አገር?"

ከዚያ አስተማሩኝ። ስርጉድ ብቻውን አይቆምም አሉ። ላሜራው ሲገባ ዙሪያው ጠርዝ ይሠራል፤ ትንሽ ከፍ ያለ ቀለበት። ስርጉዱን ቆልፎ የያዘው ያ ቀለበት ነው። ከሥር በእንጨት ታኮ ትገፋዋለህ፤ አትመታውም፣ ትገፋዋለህ። እየገፋህ ከላይ ቀለበቱን በቀላል መዶሻ ታባብለዋለህ። መሃሉን አትነካውም። ቀለበቱ ሲተኛ መሃሉ ራሱ ይመጣል። "መኪና ላይም ሰው መሃሉን ነው የሚመታው" አሉ፤ "ለዚያ ነው ስቱኮ የሚበዛው።"

ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ "ለመሆኑ አዲሱ ስንት ነው?" ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "እና ይሄን ሁሉ የምትለፋው…" ካሉ በኋላ "በል ግዴለም፣ የአባባ ነው" ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ

ታኮ ሠራሁ። የኦክ ቁራጭ ገዛሁ፤ ጠንካራ ነው ግን ላሜራውን አያርደውም። ደህናውን ካዝና ፈትቼ የውስጡን ስፋት በካሊፐር ለካሁ። እንጨቱን በዚያ ልክ ቆረጥኩ፣ በሞረድ ማዕዘኖቹን አከበብኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። የካርባይን ካዝና ቀጥ ያለ ስለሆነ ተመስገን ነው፤ እንደ ክላሽ ካዝና ጎባጣ ቢሆን ይሄን ታኮ ለመቅረጽ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።

ቁጥር 3 ውስጥ ከታች አስገብቼ በቀስታ ነዳሁት። ስርጉዱ ጋ ሲደርስ ከበደ። ጨመርኩ። ገባ። ስርጉዱ ሲነሳ በጣቴ ተሰማኝ። ጮቤ ረገጥኩ።

ከዚያ ታኮውን ላወጣ ስል አልወጣም። ሙሉ በሙሉ ውስጥ ገብቷል፤ የምይዝበት የለም። በላይ በኩል እንዳልነዳው ከንፈሮቹ ዘግተውታል። ግማሽ ሰዓት ታገልኩ። መጨረሻ ላይ የእንጨቱን ቂጥ በድሪል በስቼ ረጅም ቪስ አሰርኩበት። ቪሱን ሞርሳ ላይ አጥብቄ ካዝናውን በሁለት እጄ ጎተትኩ። ታኮው ሲለቅ ወደ ኋላ ሄጄ ከልብስ ማጠቢያው ጋር ተላተምኩ።

ስለዚህ ሁለተኛ ታኮ። ይሄኛው ሦስት ቁራጭ ነው። ሁለቱ ጉንጮች ናቸው፤ የካዝናውን ግራና ቀኝ ግድግዳ ይይዛሉ። ሦስተኛው በመሃላቸው የሚገባ ሽብልቅ ነው። የመጥረቢያ እጄታ ላይ የሚመታውን ሽብልቅ አስቡት። ሽብልቁን ከካዝናው አንድ ስንዝር እንዲረዝም አድርጌ ተውኩት፤ ጫፉን በስቼ ብሎን አሳለፍኩበት። ሲገባ ጉንጮቹን ይከፍታል፣ ሲጎተት ይለቃቸዋል። ሁሉንም ሻማ ቀባኋቸው። ለማውጣት ብሎኑን ይዞ መሳብ ብቻ ነው።

መሥራት የነበረብኝ መጀመሪያም ይሄን ነበር።

እሁድ

ካልሲ ውስጥ አሸዋ ሞልቼ አሰርኩት፤ ካዝናው እሱ ላይ ተኝቶ አይንሸራተትም፣ አይፋቅም። መዶሻዬ የናይለን ነው።

ቁጥር 3ን ጨረስኩት። እንዴት እንደሄደ በዝርዝር ልጻፍ፤ ምክንያቱም ሌሎቹም የሄዱት በዚሁ ነው። ጉንጮቹን ከተትኩ። ሽብልቁን በእጄ ገፍቼ አጠበቅኩ። ከዚያ በመዶሻ ሁለት ጊዜ ብቻ። ካዝናውን መብራት ሥር በአግድም ይዤ አየሁ፤ የስርጉዱ ዙሪያ ቀለበት በጥላ ይታያል። ቀለበቱን ከውጪ ወደ ውስጥ እየዞርኩ ነካ ነካ አደረግኩት። መምታት አይባልም፤ በር ሲንኳኳ የሚሰማ ድምፅ ነው። ድምፁ ይነግራችኋል። ላሜራው ታኮው ላይ ያልተኛበት ቦታ ባዶ ይጮሃል። የተኛበት ድፍን ይላል። ሙሉ ዙር ሲጠናቀቅ ሽብልቁን ሌላ ሁለት ጊዜ። እንደገና ዙር። አራት ዙር ሄድኩ። ሽብልቁን ስቤ ገፊውን ከተትኩ። ወረደ። ትንሽ ያዝ አደረገው፣ ግን ወረደ። አንድ ዙር ጨመርኩ። እንደ ውሃ ወረደ።

መርሳት የሌለብኝ ላሜራ ሞላ መሆኑን ነው። ስትለቁት ትንሽ ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ልክ ላይ ከማቆም ጥቂት ማሳለፍ ያስፈልጋል። ግን ጥቂት! ቁጥር 1 ላይ አሳለፍኩና ካዝናው አብጦ ጠመንጃው ውስጥ አልገባም አለ። የውጪውን ስፋት ስለካው ከደህናው በ0.6 ሚሊሜትር በልጧል። ሞርሳው መንጋጋ ላይ ሁለት እንጨት አድርጌ፣ ከውስጥ ጉንጮቹን ያለ ሽብልቅ አስገብቼ፣ ቀስ ብዬ ጨመቅኩት። ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ከየዙሩ በኋላ ውስጡን በገፊው፣ ውጪውን በካሊፐር አየዋለሁ።

ያ "ጧ" የሚለው ነገር ቁጥር 1 ላይ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ቀንሷል። የረዘመ ላሜራ አይሰበሰብም። በእሳት መኮማተር ይቻላል፤ መኪና ላይ ያደርጉታል። ካዝና ላይ ግን እሳት አላስጠጋም፤ ከንፈሮቹ ጥንካሬያቸውን ያገኙት በሙቀት ሕክምና ነው፣ ካለሰለስካቸው ጥይት አይይዙም። ገፊው ካለፈ ይበቃኛል አልኩ።

ቁጥር 2ን ምንም አላደረግኩትም። ፈንጣጣው ይኑር።

ሰኞ

ትከሻዬን አመመኝ። ሞርሳ አልነካም።

ረቡዕ ማታ

ቁጥር 4። ማዕዘን የተለየ ፍጥረት ነው። ላሜራ ሲታጠፍ ያ መታጠፊያ ከሌላው ቦታ ይጠነክራል። ስለዚህ የጎን ስርጉድ በልመና ሲወጣ ማዕዘን ግን ያኮርፋል። የእንጨቱ ጉንጭ ማዕዘኑ ላይ እየተጨፈለቀ አስቸገረኝ፤ ሁለት ጊዜ ቀየርኩት።

እዚህ ላይ የጋሼን ሕግ ጣስኩ። ጠፍጣፋ ብረት ወስጄ አፉን በሞረድ አክብቤ፣ የካዝናውን ማዕዘን ውስጣዊ ቅርጽ እስኪመስል ሠራሁት። በእሱ ከውስጥ ገፋሁ፣ ከውጪ ግን እንጨት አስደገፍኩ። ብረት በአንድ ወገን፣ እንጨት በሌላው። እንዲህ ከሆነ ላሜራው አይዳመጥም። ለጋሼ ላክሁላቸው። በድምፅ መለሱ፦ "እሱ ልክ ነው። እኔ ያልኩህ ሁለቱም ወገን ብረት አይሁን ነው።" ያሉት እንደዚያ ነበር? መቼስ ከትልቅ ሰው ጋር አይከራከሩም።

ሁለት ማታ ፈጀ። ማዕዘኑ ላይ የተጠቀለለ ጠባሳ ቀርቷል። ገፊው ያልፋል።

ሐሙስ

ከንፈር። ስለ ስርጉድ እየጻፍኩ ቆይቼ የካዝና ነፍሱ ያለችው እዚህ መሆኑን ረስቼ ነበር። ሁለቱ ከንፈሮች መሃል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ጥይቱ ቀድሞ ዘሎ ይወጣል ወይም አናቱን ሽቅብ አድርጎ ይቆማል። ሲጠብ ደግሞ መዝጊያው ገፍቶ አያወጣውም። ፀጉር የምታህል ልዩነት ነች።

የደህናውን ካዝና ከንፈሮች በሦስት ቦታ ለካሁ፤ ፊት፣ መሃል፣ ኋላ። ቁጥር 5 ከኋላው በ0.8 ሚሊሜትር ተከፍቷል። የፒንሳ አፍ ላይ ቆዳ ጠቅልዬ ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ መለስኩት። 0.5 ቀረ። ደገምኩ። 0.3። በቃ ማለት ነበረብኝ። ለ0.3 ብዬ ደገምኩ።

"ጭክ" አለ። በጣም ትንሽ ድምፅ ነው። ከንፈሩ ሥር ላይ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ታየች።

ብየዳ ልሞክር ብዬ ትንሽ አሰብኩ፤ ተውኩት። በተሰነጠቀ ከንፈር አልተኩስም። ቁጥር 5 አለቀለት። ጎኑን ለማቃናት ሦስት ሰዓት ያጠፋሁበት ካዝና ነው። ከንፈሩን መጀመሪያ ብሞክረው ኖሮ ጎኑን ባልነካሁት። ለሚቀጥለው ከረጢት ትምህርት ይሁነኝ፤ ባለቤቴ "የሚቀጥለው?" ብላ አየችኝ።

ዓርብ

ቁጥር 6ን ለዝገቱ ትናንት ማታ ኮምጣጤ ውስጥ ነክሬው አደርኩ። ዝገቱ ለቀቀ። የጥንቱ ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙም አብሮ ለቀቀ። አሁን እንደ ሹካ ነው የሚያበራው። ኮምጣጤ ዝገትን ከቀለም አይለይም፤ የዛገውን ቦታ ብቻ በዘይትና በነሐስ ብሩሽ ማሸት ነበረብኝ። በቀዝቃዛ ማጥቆሪያ ፈሳሽ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ግራጫ ሆነ። ይሁን።

ሁሉንም በዘይት ጨርቅ አሸሁ፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ። ካዝና ውስጡ ዘይት መጠጣት የለበትም። አቧራና የባሩድ ጥቀርሻ እየሰበሰበ ጭቃ ይሆናል፣ ጥይቱም ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋት

ገጠምኳቸው። ሙከራው በሐሰተኛ ጥይት ነው፤ ባሩድም መቀጣጠያም የሌላቸው ናቸው። በዚህ ሁሉ ሳምንት አንድም እውነተኛ ጥይት ጋራዥ ውስጥ አልገባም። ልጆች የሚወጡበት የሚገቡበት ቤት ነው፤ ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፏል። ሐሰተኞቹንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አየኋቸው።

ቁጥር 1 ወሰደ 15። እጀታውን እየሳብኩ አቀባበልኩ። አሥራ አምስቱም ተራ በተራ ገብተው ወጡ። ቁጥር 2 ያለ ምንም ችግር። ቁጥር 3ም። ቁጥር 4 ስምንተኛዋ ላይ ከበድ አለች፤ ግን አለፈች።

ቁጥር 6 ከ9 በላይ አልወስድም አለ። ተጫንኩት፣ አልገባም። ፈታሁት። ሞላው የዞረ ነው። ፎቶ ያላነሳሁት አንዱ እሱ ነበር! የሞላው የላይኛው ጫፍ ገፊው ሥር የሚቀመጥበት አቅጣጫ አለው፤ ከተገለበጠ ገፊው አፍንጫው ይደፋል። ቀየርኩት። 15 ወሰደ። ስንት ቀን አቅንቼ በሞላ ልሸነፍ ነበር።

አንድ የማየው ነገር ነበር፦ ካዝናውን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዙት ጉብታዎች። ከኋላው አናት ላይ ናቸው። እነሱ ከተበሉ ወይም ከተጨፈለቁ ካዝናው ዝቅ ብሎ ይቀመጣልና መዝጊያው የጥይቱን ቂጥ አያገኘውም። የቁጥር 3 አንደኛው ትንሽ ተበልቷል። ሲገጠም ይወዛወዛል። ጠርጥሬዋለሁ።

ቅዳሜ፣ የተኩስ ቦታ

ሄድን፤ እኔና ጎረቤቴ። እሱ ጡረተኛ መካኒክ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጋራዤ "ኳ ኳ" ሲሰማ ከርሞ መጨረሻውን ላይ ብሎ መጣ።

መጀመሪያ ከየካዝናው ሁለት ሁለት ጥይት ብቻ። ከዚያ አምስት። ከዚያ ሙሉውን። ጎረቤቴ ወረቀት ይዞ በየቁጥሩ ይጽፋል።

ቁጥር 1፦ 15 ከ15። ቁጥር 2፦ ባለ ፈንጣጣው፣ 30 ከ30፤ ደስ ስላለኝ ሁለት ጊዜ ሞላሁት። ቁጥር 3 የጠረጠርኩትን አላደረገም፤ ሁሉንም በላ። ቁጥር 4 አንድ ጊዜ ነከሰ፣ ስምንተኛዋ ላይ፤ ቤትም የከበደችው እሷ ናት። ማዕዘኑ ነው። ካዝናውን አውጥቼ ጥይቱን አስወገድኩና ቀጠልኩ፤ ሁለተኛ ጊዜ ስሞላው አልነከሰም። የወረቀት ዒላማ ለመብሳት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አላምነውም።

ቁጥር 6 የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥይቶች ላይ ሁለት ጊዜ ሰነፈ። መዝጊያው በባዶ ይዘጋል፣ ካዝናውን ሳወጣ ጥይቶቹ ውስጡ ተኝተዋል። ጎረቤቴ "ሞላው አርጅቷል" አለ። ገፊው ከታች ሲሆን ሞላው ተጨምቆ ጉልበት አለው፤ ወደ ላይ ሲመጣ ግን ያረጀ ሞላ ይደክማል።

አያቴ ስለ ኮሪያ ሲያወሩ ከቻይና ይልቅ ብርዱን ነበር የሚያማርሩት። ካርባይን በዚያ ክረምት አላፊ አግዳሚው የሚያማው ጠመንጃ እንደነበር ኋላ አነበብኩ፤ ዘይቱ ሲወፍር ሁሉ ነገር ይዘገያል። ልጅ ሆኜ "አባባ፣ ነክሶብዎት ያውቃል?" ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። "የነከሰበትማ መች ተመልሶ ይነግርሃል" አሉኝና ቡናቸውን ፉት አሉ። በዚያ ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተመላልሰው ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ ተሰውተዋል። አንድም አልተማረከም። ቀልዳቸው መራራ የሆነው ለዚያ ይሆናል።

እሁድ

የቁጥር 5ን ሞላ አውጥቼ ከቁጥር 6 ሞላ ጋር ጎን ለጎን አቆምኩ። የ5ቱ በሁለት ጣት ይረዝማል። ቀየርኩት።

የቁጥር 5ን ባዶ ሳጥን ሞርሳ ላይ አስሬ በብረት መጋዝ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቅኩት። አሁን ሐሰተኛ ጥይት ስደረድርበት ሁለቱ ረድፎች እንዴት እንደሚተቃቀፉ ከጎን ይታያል። ያቃናሁት ጎን ከውስጥ እንዴት እንደሆነም ታየ፤ ከውጪ ለስላሳ የመሰለኝ ቦታ ከውስጥ ሦስት የታኮ ጠርዝ ምልክት አለበት። የጉንጮቹን ጫፍ ይበልጥ ማክበብ አለብኝ።

ፎቶውን ለጋሼ ላክሁ። ማታ መለሱ። "ጥሩ ነው፤ ግን ሻማ ሳይሆን ሳሙና ቀባው፤ በውሃ ይለቅልሃል።"

ለምትሞክሩት አንድ ነገር። ቴክሳስ ውስጥ የካዝና ልክ አይጠየቅም፤ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ግን ከ10 በላይ የሚይዘውን ይከለክላሉ። የምትኖሩበትን አገርና ስቴት ሕግ ሳታዩ ፌስታል ይዛችሁ ቤት እንዳትገቡ።

ቅዳሜ

ቁጥር 6፣ በቁጥር 5 ሞላ፦ 15 ከ15። ደግሜ ሞላሁ፦ 15 ከ15። የወረቀት ፕላስተሩን ላጥኩና ቁጥሮቹን ክዳኖቹ ላይ በሹል ብረት ጫርኩ። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6።